ፈንግል ከመግባቱ በፊት፤ የጓሮ ዶሮን ከበሽታ የመጠበቂያ መንገዶች

ክረምት ሊገባ ሲል በበርካታ የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች የሚደጋገም አንድ ክስተት አለ። ማታ ደህና ሆነው ቆጥ ላይ የሰፈሩ ዶሮዎች ማለዳ ላባቸውን አቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነውና አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ይዘው ይገኛሉ። በማግስቱ አንዷ ትሞታለች፤ ቀጥሎ ሌሎች ይከተሏታል። ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ጭር ይላል። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ተመሳሳዩ ጉዳት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሸጋገረ መንደሩን ያዳርሳል። አርሶ አደሩ ይህን በሽታ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው "ፈንግል" በሚለው ስሙ ነው።

ጉዳቱ ከአምስትና ከስድስት ዶሮዎች ዋጋ በላይ እንደሆነ መገንዘብ ያሻል። በገጠሩ አካባቢ ዶሮና እንቁላል በአብዛኛው በእናቶች እጅ የሚገኝ ሀብት ነው። ለጨው፣ ለጋዝ፣ ለልጆች ደብተርና እርሳስ የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ከእንቁላል ሽያጭ ነው። ድንገተኛ የሕክምና ወጪ ሲያጋጥም በቅድሚያ ገበያ የሚወጣው በግም ሆነ በሬ ሳይሆን ዶሮ ነው። ለበዓል ድምቀት፣ ለእንግዳ ክብር፣ ለአራስ ጥሪትም የምትታሰበው ይህችው ዶሮ ናት። ስለሆነም ፈንግል አንድን ግቢ ባዶ ሲያስቀር የሚያቃውሰው የቤቱን የዕለት ተዕለት ኑሮ ጭምር ነው።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም ባካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከአራት ሦስት እጅ በላይ የሚሆኑት የአገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹ በየጓሮው እየጫሩ ምግባቸውን የሚፈልጉ፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ወይም በማድቤት ውስጥ የሚያድሩ ናቸው። የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ብቻ መሆኑ በተደጋጋሚ ሲገለጽ ቆይቷል። ይሁንና አርቢውን ይበልጥ የሚጎዳው የእንቁላሉ ቁጥር ማነስ ሳይሆን፣ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው በበሽታ፣ በብርድና በጭልፊት ምክንያት ለአቅመ ቄብ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በውድ ዋጋ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ይልቁንም ክትባትን በወቅቱና ከጎረቤት ጋር ተባብሮ ማስከተብ፣ አዲስ የገባችን ዶሮ ለይቶ ማቆየትና የታመመችን ዶሮ ወደ ገበያ አለማውጣት ናቸው። ሦስቱም በአንድ አርቢ ትጋት ብቻ ውጤት የሚያስገኙ አይደሉም፤ የመንደሩን ስምምነት ይጠይቃሉ።

ፈንግል በቫይረስ አማካይነት የሚመጣ በሽታ ነው። በሌላው ዓለም "ኒውካስል" ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። ቫይረሱ በታመመች ዶሮ ኩስ፣ ንፍጥና ትንፋሽ ይተላለፋል። በዚህ ብቻ ሳይወሰን በሰው ጫማና ልብስ፣ ዶሮ በተጓጓዘበት ቅርጫት፣ በመመገቢያና በመጠጫ ዕቃ፣ በተጣለ ላባና የሆድ ዕቃ አማካይነትም ከቦታ ቦታ ይጓዛል። ዶሮዋ በሽታው ከያዛት በኋላ ምልክቱን ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ቀናት ይወስድባታል። አንዳንዴ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሊታይ፣ እስከ ሁለት ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። በገበያ ላይ ጤነኛ መስላ የተገዛች ዶሮ በሽታ ይዛ ልትገባ የምትችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የበሽታው ምልክቶች በርካታ ናቸው። ዶሮዋ መብላት ታቆማለች፤ ትደበታለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀጭን ተቅማጥ ይይዛታል። ጥቂት ቀናት የቆየች እንደሆነ አንገቷ ይጠማዘዛል፤ ክንፎቿ ይወድቃሉ፤ እግሮቿም ሽባ ይሆናሉ። በመጣል ላይ ያለች ዶሮ እንቁላል በድንገት ታቋርጣለች፤ ወይም ቅርፊቱ የሳሳና ቅርጹ የተበላሸ እንቁላል ትጥላለች። ክትባት ባላገኘ መንጋ ውስጥ ኃይለኛው የበሽታው ዓይነት ከገባ ሁሉንም ዶሮዎች ሊጨርስ ይችላል።

ፈንግል አንዴ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው አርቢው በጥብቅ ሊያውቀው ይገባል። በየአካባቢው ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ በርበሬና አረቄ ለታመሙ ዶሮዎች መስጠት የተለመደ ነው። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ያላቸውን ለማዳን ካላቸው ጉጉት በመሆኑ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም ቫይረሱን አያጠፋም። ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ከውኃ ጋር በጥብጦ ማጠጣትም እንዲሁ ፋይዳ የለውም። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ እንጂ በቫይረስ ላይ አይደለም። ከዚህም በላይ ያለአግባብ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ስለሚያደርግ፣ ውሎ አድሮ መድኃኒቱ ለዶሮም ለሰውም የማይሠራበት ሁኔታ ይፈጠራል። "ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለው የጤና መልዕክት ለፈንግል የበለጠ ይሠራል ማለት ነው።

የፈንግል ክትባት በአገር ውስጥ ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመውና በቢሾፍቱ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ኤች ቢ ዋንና ላሶታ የተባሉትን የፈንግል ክትባቶች ያዘጋጃል። እነዚህ ክትባቶች ከምርት ቦታ እስከ ዶሮዋ ድረስ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ መጓጓዝ የሚገባቸው በመሆኑ፣ የመብራት አገልግሎት ለሌላቸው ቀበሌዎች ለማድረስ አስቸጋሪ ናቸው። ይህን ችግር ለማቃለል በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተገኘው ሙቀትን የሚቋቋም "አይ ቱ" የተሰኘው የክትባት ዓይነት ለገጠር አርቢዎች ይበልጥ ተስማሚ ነው። ይህም ቢሆን ፀሐይ ሊያገኘው አይገባም። በቀዝቃዛ ዕቃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ መያዝ ይኖርበታል።

አሰጣጡም ቀላል ነው። "አይ ቱ" በዓይን ጠብታ መልክ ሲሰጥ በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ለጫጩትም ሆነ ለአውራ ዶሮ መጠኑ አንድ ነው። ጥበቃው በየአራት ወሩ ገደማ መታደስ ይኖርበታል። ክትባት በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ዶሮዎቹ ቀደም ብለው ለአጭር ጊዜ ውኃ እንዲጠሙ ይደረጋል። የሚቀርበው ውኃ ክሎሪን የሌለበት፣ ዕቃውም በሳሙና ቅሪት ያልተበከለ መሆን ይገባዋል። የተበጠበጠውንም በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው ይህን ቸል ያለ አርቢ ዶሮዎቹን ሳይከትብ የከተበ ሊመስለው ይችላል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ክትባት የተሰጣት ዶሮ በቂ የመከላከል አቅም ለማዳበር እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋታል። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ መሯሯጥ የዘገየ እርምጃ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የታመሙ ዶሮዎችን መከተብ አያድናቸውም። እንዲያውም ዶሮ ከዶሮ እየያዙ መከተቡ በሽታውን ወደ ጤነኞቹ ሊያዛምት ይችላል። በኢትዮጵያ የፈንግል ወረርሽኝ በብዛት የሚታየው ዝናብ በሚጀምርበት ወቅት በመሆኑ፣ ከክረምት መግቢያ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማስከተብ ይመረጣል። ዶሮ በብዛት ከገበያ ገበያ ከሚዘዋወርባቸው የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ በዓላት አስቀድሞ ክትባቱን ማደስም ተገቢ ነው።

በዚህ ረገድ አርቢውን ከሚያዳግቱት ነገሮች አንዱ የክትባቱ አስተሻሸግ ነው። አንድ ብልቃጥ ለበርካታ ዶሮዎች የሚበቃ መጠን የያዘ ሲሆን፣ አንዴ ከተከፈተና ከተበጠበጠ ለሌላ ቀን ማቆየት አይመከርም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብልቃጡን ብቻዋን ገዝታ አብዛኛውን ብትደፋው አያዋጣትም። ጎረቤታሞች በዕድር፣ በዕቁብ ወይም በልማት ቡድናቸው አማካይነት ዶሮዎቻቸውን ቆጥረው፣ ቀን ቀጥረውና ገንዘብ አዋጥተው ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢያሳውቁ ግን ለእያንዳንዷ ዶሮ የሚደርሰው ወጪ አነስተኛ ይሆናል። ክትባቱ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ወይም ምሽት ቢሰጥ እነሱን ለመያዝ የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል። የአንድ መንደር ዶሮዎች አብረው ስለሚጭሩ፣ በአንድ ግቢ ያልተከተቡት ለሌላው ግቢ ስጋት መሆናቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አዲስ ዶሮን ለይቶ ማቆየት ነው። ከገበያ የተገዛች፣ በስጦታ የመጣች ወይም ለሽያጭ ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ቢያንስ ለ14 ቀናት በተለየ ቦታ፣ በተለየ መመገቢያና መጠጫ ልትቆይ ይገባል። ያልተሸጠችውን ዶሮ ብዙዎች እንደ አዲስ አይቆጥሯትም። ይሁንና ቀኑን ሙሉ ከመቶ ግቢ ከመጡ ዶሮዎች ጋር በአንድ ገበያ ታስራ የዋለች በመሆኗ ከተገዛችው እኩል ታሰጋለች። ወደ ገበያ የተወሰደ ቅርጫትም ታጥቦ ፀሐይ ላይ መሰጣት ይኖርበታል።

ሦስተኛውና ከሁሉም ከባዱ ውሳኔ በሽታው ግቢ ውስጥ በገባበት ዕለት የሚወሰደው ነው። ሁለት ዶሮ የሞተበት አርቢ የቀሩትን ሳይሞቱ ሸጦ ጥቂት ገንዘብ ማትረፍ ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ያቺ ዶሮ በገዢው ግቢ ያሉትን ሁሉ ልትጨርስ፣ ገበያ ላይ አጠገቧ በታሰሩት አማካይነትም ወደ ሌሎች ቀበሌዎች በሽታውን ልታደርስ ትችላለች። ከዓመት በኋላ በሽታው ተመልሶ ወደ ሻጩ ግቢ የሚመጣው በዚሁ የገበያ መንገድ ነው። ጎረቤታሞች በደህናው ጊዜ ተሰብስበው "የታመመ ዶሮ ከመንደራችን አይወጣም" ብለው ቢስማሙና ለተጎዳው ሰው ኋላ ላይ ቄብ ወይም ታቃፊ እንቁላል ቢያዋጡለት፣ የአንዱ ኪሳራ የሁሉም እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል።

የሞተችን ዶሮ ለውሻ መጣል ወይም ወንዝ ዳር መወርወርም በሽታውን ማሰራጨት ነው። ከውኃ ጉድጓድ ርቆ በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ወይም አመድ ነስንሶ መቅበር፣ ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል። ቤቱ ተጠርጎ፣ ጉዝጓዙ ተቃጥሎ፣ ዕቃው ታጥቦ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላ አዲስ ዶሮ ማስገባት አይመከርም።

በርከት ያሉ ዶሮዎች በድንገት ሲሞቱ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ የሚገባበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ። ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን ከፈንግል ጋር በምልክት ስለሚመሳሰል በዓይን ብቻ ለመለየት አይቻልም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ይጠይቃል። በ1998 ዓ.ም የወፍ ጉንፋን ወደ አፍሪካ በገባበት ወቅት በኢትዮጵያም ስጋቱ ተስፋፍቶ የዶሮ ገበያ ቀዝቅዞ፣ ዋጋም ወርዶ እንደነበር ይታወሳል። በወቅቱ የተጠረጠሩት ናሙናዎች ተመርምረው ከቫይረሱ ነፃ መሆናቸው ተረጋግጧል። ቶሎ ማሳወቅ እውነተኛውን አደጋ ለማስቆምም ሆነ መሠረት የሌለውን ስጋት ለማስወገድ እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሌላ በኩል ዶሮ የታመመ ሁሉ ፈንግል ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ በሽታዎች መድኃኒት ስላላቸው ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል። ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካሳዩና ክንፋቸውን ጥለው ከተኮራመቱ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ መንስኤ በኩስ ውስጥ የሚገኝ ጥቃቅን ጥገኛ ሕዋስ ሲሆን፣ ለመራባት እርጥበት ይፈልጋል። በመሆኑም ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ፣ ውኃ የፈሰሰበትን ወዲያውኑ መለወጥና ጫጩቶችን ከትልልቆቹ መለየት ይከላከለዋል። በጊዜ ከተደረሰበትም ባለሙያ በሚያዘው መጠን አምፕሮሊየም የተባለውን መድኃኒት በውኃ በመስጠት ማዳን ይቻላል።

ጉምቦሮ የሚባለው በሽታ ደግሞ በተለይ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ያጠቃል። ነጭና ውኃማ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ሞት ያስከትላል። ከሞት የተረፉትንም የሰውነታቸውን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ሌላ ክትባት በሚገባ እንዳይዝላቸው ያደርጋል። ቫይረሱ በዶሮ ቤት ውስጥ ለወራት የመቆየት ባሕርይ ስላለው ከጽዳት በተጨማሪ ክትባት ያስፈልገዋል። ይህም በሽታ ቢሆን መድኃኒት የለውም።

በኩክኔና በዓይን ዙሪያ እንደ ኪንታሮት ያለ ቁስል የሚያወጣው የዶሮ ፈንጣጣ በወባ ትንኝና መሰል ነፍሳት ንክሻ እንዲሁም በቁስል ንክኪ ይተላለፋል። ቁስሉ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ካልገባ ብዙዎቹ በሦስትና በአራት ሳምንታት ይድናሉ፤ እሱም ክትባት አለው። የዶሮ ታይፎይድና የዶሮ ኮሌራ በባክቴሪያ የሚመጡ በመሆናቸው በሐኪም ትዕዛዝ በሚሰጥ መድኃኒት ሊታከሙ ይችላሉ። ሲተነፍሱ የሚያንኳርፉና ከአፍንጫቸው ንፍጥ የሚወርድ ዶሮዎች፣ ፈንግል አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ጉንፋን መሰሉ የመተንፈሻ በሽታ ይዟቸው ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ የቤቱ አየር መታፈኑን ማየት ተገቢ ነው።

ሳይገድሉ ቀስ በቀስ የሚያመነምኑ ተባዮችም ችላ ሊባሉ አይገባም። ቅማል በዶሮዋ ገላ ላይ ሲኖር፣ ደም የሚመጡት ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች ግን ቀን በቆጡና በግድግዳው ስንጥቅ ተደብቀው ሌሊት ይወጣሉ። በማታ በባትሪ ብርሃን የቆጡን ሥር መመልከት ያጋልጣቸዋል። ስንጥቁን በጭቃ መለሰን፣ ቆጡን በፈላ ውኃ ማጠብና ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ በግቢው ማዘጋጀት ወጪ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው። ለሰብል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ኬሚካል በዶሮ ገላ ላይ መርጨት ግን ዶሮዋንም፣ እንቁላሉን የሚመገበውንም ሰው ሊመርዝ ይችላል። ላባዋ የደበዘዘ፣ እየበላች የምትከሳና እንቁላሏ የቀነሰ ዶሮ ደግሞ የሆድ ትላትል ሊኖርባት ስለሚችል ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

የእነዚህ ሁሉ መከላከያ መነሻ የቤቱ አያያዝ ነው። ዶሮዎች ከሰው መኖሪያ የተለየ፣ ፀሐይና አየር የሚያገኝ፣ ዝናብ የማያስገባና ከሸለመጥማጥ የሚከላከል ማደሪያ ቢዘጋጅላቸው ከቤተሰቡም ጤና ጋር የተያያዘ ጥቅም አለው። ዳዴ የሚሉ ሕፃናት ከኩስ ጋር በሚኖራቸው ንክኪ ለተቅማጥ ይጋለጣሉና። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ በላይ ማጨናነቅ አይገባም። የምትጥል ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ትፈልጋለች። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል የምትጥል ሌላ የሕመም ምልክት የሌለባት ዶሮ ከሆነች፣ የተቆላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከምግቧ ጋር ቢቀላቀል ችግሩ ሊቃለል ይችላል።

መድኃኒት የተሰጣት ዶሮ እንቁላሏም ሆነ ሥጋዋ ባለሙያው ወይም የመድኃኒቱ ማሸጊያ የሚያመለክተው የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ ለምግብ መዋል የለበትም። የፈንግል ቫይረስ በሰው ላይ ቀላል የዓይን መቅላት ሊያስከትል ስለሚችል የታመመ ዶሮ የነካም ሆነ ክትባት የሰጠ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

በ2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ከተማ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከትኩረት መስኮቹ አንዱ በማድረጉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወደ ብዙ ግቢዎች ገብተዋል። እነዚህ ዶሮዎች ከአገር ውስጦቹ የበለጠ እንቁላል የሚጥሉትን ያህል የበለጠ እንክብካቤም ይሻሉ። የ45 ቀን ጫጩት የሚረከብ አርቢ ከዋጋው እኩል "ምን ምን ክትባት፣ በስንት ቀናቸው ወስደዋል? ቀጣዩስ መቼ ነው?" ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። ክትባታቸውን ያልጨረሱ የተሻሻሉ ጫጩቶችን ካልተከተቡ የመንደር ዶሮዎች ጋር መቀላቀል ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

የጓሮ ዶሮ እርባታ በትንሽ ቦታና በአነስተኛ ገንዘብ የሚጀመር፣ ገቢውም በቀጥታ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚደርስ ሥራ ነው። የሚፈርሰውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። በመሆኑም ዝናቡ ከመጣሉ በፊት የዶሮዎቻቸውን ቁጥር ይዘው ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጋራ የሚሄዱ ጎረቤታሞች፣ ከክረምቱ በኋላም እንቁላል ከጎጇቸው መሰብሰባቸውን የመቀጠል ዕድላቸው ሰፊ ነው።